ሴን ደኒ፦ ነገሥታትና የፋብሪካ ሠራተኞች የተጎራበቱባት ከተማ

ከፓሪስ በስተሰሜን የምትገኘው ሴን ደኒ ስሟ በአብዛኛው ከድህነትና ከወንጀል ዜና ጋር ብቻ መነሣቱ ያሳዝነኛል፤ የፈረንሳይን ታሪክ እርሷን ትቶ መጻፍ አይቻልምና።

ከተማዋ የተሰየመችው በሦስተኛው መቶ ዘመን በሰማዕትነት እንዳረፈ በሚነገርለት የፓሪስ ጳጳስ በቅዱስ ዲዮናስዮስ (በፈረንሳይኛ ሴን ደኒ) ሲሆን፣ በመቃብሩ ላይ የቆመው ገዳም ከጊዜ በኋላ የነገሥታት መቀበሪያ ሆነ። አበምኔቱ ሱዤር በ12ኛው መቶ ዘመን ቤተ ክርስቲያኑን ሲያሳድስ፣ ጫፋቸው የሾለ ቅስቶች የጣሪያውን ክብደት ወደ ምሰሶዎች እንዲያስተላልፉ በማድረግ ለሰፋፊ ባለቀለም መስኮቶች ቦታ አስገኘ። እ.ኤ.አ. በ1144 የተመረቀው የምሥራቁ ክፍል የጎቲክ ሥነ ሕንፃ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው፤ በእኔ እምነት ለከተማዋ ከነገሥታቱ አፅም የሚበልጠው ክብር ይኸው ነው። አብዮተኞች በ1793 መቃብሮቹን ከፍተው አፅሙን በጋራ ጉድጓድ ቀበሩት፤ በ1817 ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመለሰ።

በ19ኛው መቶ ዘመን የውኃ ቦይና የባቡር ሐዲድ ፋብሪካዎችን አመጡ፤ ፋብሪካዎቹም ከፈረንሳይዋ የብሬታኝ ክልል፣ ከስፔን፣ ኋላም ከሰሜን አፍሪካ ሠራተኞችን ስለሳቡ፣ ሴን ደኒ ለረጅም ዘመን በኮሚኒስት ከንቲባዎች የምትመራ የሠራተኞች ከተማ ሆነች። ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ብዙዎች ሥራ አጡ፤ ዛሬ የሚወራው ድህነትም አንዱ ሥሩ ከዚያ ይመዘዛል።

በቀድሞ የጋዝ ፋብሪካ ቦታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተው ስታድ ደ ፍራንስ የተባለው ስታዲየም ለእኛ ኢትዮጵያውያንም ባዳ አይደለም። በ2003 የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር ውድድር ቀነኒሳ በቀለ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ስለሺ ስኅን ተከታትለው የገቡት እዚያው ነበር።