ከውሃው ጋር፦ በሳይክል ከአዳማ እስከ ቆቃ

ከአዳማ በሳይክል ልውጣ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ካሚዮን ነው። የጅቡቲ ጭነት በእኛ ከተማ በኩል ያልፋል። ኮንቴነር የጫነ ተሳቢ ከኋላ ሲመጣ ድምፁ ይቀድማል፣ ነፋሱ ይከተላል፣ አቧራው መጨረሻ ላይ ይደርሳል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ሲከፈት አሮጌው መንገድ ይለቀቅልናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። የፍጥነት መንገዱ ሳይክል አያስገባም፤ አሮጌውም ቢሆን ባዶውን አልቀረም። ሁለት ጊዜ ከአስፋልቱ ወደ ጠጠሩ ወርጄ ከተረፍኩ በኋላ ሳይክሌን በረንዳ ላይ ሰቀልኩት፤ እንደተሰቀለ ዓመት ሊሞላው ደረሰ።

ያወረደልኝ የእናቴ ወንድም ነው። ጋሼ የወንጂ ሸንኮራ እርሻ ላይ ውሃ ሲያጠጣ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሥራ የሚሄደው በሳይክል ነበር፤ ዛሬም ገበያም ለቅሶም የሚሄደው በሳይክል ነው። ወንጂ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። ለምን እንደተውኩት ስነግረው ሻዩን አስቀመጠና «መኪና የማይሄድበትን ከሆነ የምትፈልጊው፣ ውሃ የሚሄድበትን ያዢ» አለኝ። ያኔ በደንብ አልገባኝም። አሁን ስለዚህ ጉዞ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምናገረው ይህንኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዋሽ ከቆቃ ግድብ ወጥቶ ወደ መልካሳና ወደ ሶደሬ ከመውረዱ በፊት የወንጂን ሜዳ ያቋርጣል። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ፤ ሜዳውም በቦይ ተሸነሸነ። ውሃው ከወንዙ በፓምፕ ይሳብና ዋናው ቦይ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ የሚገፋው የለም፤ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። ከፈጠነ አፈሩን ይበላል፣ ከዘገየ ደለል ይሞላዋል። ስለዚህ ቦዩ ዓይን የማይለየው ተዳፋት ብቻ ነው ያለው። ቦይ ጠራጊውና ውሃ አጠጪው እንዲመላለሱ ደግሞ በጎኑ የአፈር መንገድ አብሮት ይጓዛል። ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው፤ ከሠራተኛ ሳይክልና ከአህያ ጋሪ በቀር እምብዛም የሚያልፍበት የለም።

ይህን እንደሰማሁ ወዲያው ሄድኩ፣ ያውም በነሐሴ። ከሁሉ የከፋው ስህተቴ ይህ ነው። በዝናብ ጊዜ የዚያ ሜዳ ጥቁር አፈር፣ ኮትቻው፣ መንገድ መሆኑን ይተዋል። መቶ እርምጃ ያህል እንደነዳሁ ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ተጠቀጠቀና ሳይክሉ ቀጥ አለ። በእንጨት ጫርኩት፣ አሥር እርምጃ ሄድኩ፣ እንደገና ቆመ። በመጨረሻ ተሸክሜው ወጣሁ። ካቴናውን አጥቤ ዘይት እስክቀባው ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ቀጥሎ በጥር ሞከርኩ። መሬቱ ደርቋል፤ ግን አጨዳው ተጀምሯል። አገዳው ከመታጨዱ በፊት ቅጠሉን ያቃጥሉታል፤ ጥቁር አመድ ከሰማይ እንደ ላባ ይወርዳል። አገዳ የጫኑ ትራክተሮችና ትላልቅ መኪኖች በዋና ዋናዎቹ የእርሻ መንገዶች ይመላለሳሉ። ከካሚዮን ሸሽቼ ወደ ካሚዮን ሄድኩ ማለት ነው።

ሦስተኛው የተሳካው ከመስቀል በኋላ ነው፤ ዝናቡ አቁሞ፣ አፈሩ ጠጥሮ፣ አጨዳው ገና ሳይጦፍ። ይህች ጊዜ አጭር ናት፤ ዝናቡ ከዘገየ ጭራሽ ታጥራለች። አንድ ሌላ ነገርም አብሯት ይመጣል፦ ወባ። ክረምቱ ሲወጣ ሜዳው ትንኝ የሚፈላበት ወቅት ነው። ስለዚህ እዚያ ማምሸት የለም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከውሃው ዳር መራቅ ነው። ድንኳን ይዘን አንድ ሌሊት የማደር ሐሳቤን የተውኩትም በዚህ ምክንያት ነው፣ ጋሼ ቤት አደርን።

በዚህኛው ጉዞ የያዝኩት ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽና የጎማ ቁራጭ፣ ፖምፓ፣ አራት ሊትር ውሃ፣ በሶ፣ ትንሽ ጨውና ብርቱካን ነበር። በሶ ለረጅም መንገድ የሚተካው የለም፤ በውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው፣ ሆድም አይከብድም።

እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከአዳማ ተነሳሁ። ወደ ወንጂ የሚወስደው አስፋልት መኪና ያለበት የጉዞው ክፍል ይህ ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓት ግን ከጥቂት ባጃጆችና ነጠላ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን ከሚመለሱ ሰዎች በቀር ማንም የለም። ዞር ሲሉ ቦሰት ተራራ ከኋላ በስተግራ ቆሟል። ፊት ለፊት፣ ከአርሲ በኩል፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው ጭላሎ ገና ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። አገዳው ከሸፈነብኝ ጊዜ በቀር ቀኑን ሙሉ እነዚህን ተራሮች ከዓይኔ አላጣኋቸውም። በዝርግ ሜዳ ላይ እየነዱ በተራራ መከበብ እግር ሳይደክም ዓይን የሚጠግብበት ነገር ነው።

ጋሼ በከባዱ የቻይና ሳይክሉ ወንጂ መግቢያ ላይ ጠበቀኝ። እርሻው ውስጥ ከመግባታችን በፊት ያስተማረኝ ነገር አለ። ጥበቃ ሲያይ ገና ከሩቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሲቀርብ ከሳይክሉ ይወርዳል፤ እንደ ሰውየው በአማርኛ ወይም «አካም ቡልተኒ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ይላል። የት እንደምንሄድ ተናግሮ፣ አገዳ እንደማንነካ ቃል ገብቶ ያልፋል። መሬቱ የእርሻው ነው፤ እኛ እንግዶች ነን። ሦስት ቦታ ቆምን፤ ሁለቱ አሳለፉን፤ ሦስተኛው በዚህ በኩል አይሆንም ሲለን ምስጋና አቅርበን ተመለስን። እኔ ልከራከር ዳድቶኝ ነበር። «ተይ ልጄ፣ ነገም በዚሁ ነው የምናልፈው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት ልንገራችሁ። ቦዩ በቀኝ በኩል ያለ ድምፅ ይፈሳል፤ በግራ አገዳው ከሰው ቁመት እጥፍ አልፎ ቆሟል። የሚሰማው የጎማው ድምፅና የቅጠሉ ሹክሹክታ ብቻ ነው። ማርሽ መቀየር እንኳ አያስፈልግም። በየመሃሉ ሌሊት የሚሳበው ውሃ የሚጠራቀምባቸው ኩሬዎች አሉ፤ ማለዳ ላይ ነጫጭ ሳቢሳዎች ዳር ዳሩን ይዘው ይቆማሉ፣ ዳክዬው መሃሉን ይይዛል። ለመስኖ ተብሎ የተቆፈረ ኩሬ ትንሽ ሐይቅ ሆኖ ተገኘ። እዚያ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥን።

የጠፋሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ የውሃ በር ላይ የድሮ የሥራ ጓደኛውን አግኝቶ ጨዋታ ሲይዝ እኔ ቀስ እያልኩ ልቅደም ብዬ ሄድኩ። አንድ ጊዜ ታጠፍኩ፣ ሌላ ጊዜ ታጠፍኩ። በአገዳ መካከል ሁሉም መንገድ አንድ ዓይነት ነው፤ ተራሮቹም ተሸፈኑ። ውሃውን ተከትዬ ሽቅብ ብሄድ ዋናውን ቦይ አገኛለሁ ብዬ ብነዳ መንገዱ እርሻ መሃል ላይ አለቀ። ስልክ ደወልኩ።

«ውሃው የሚሄደው ከመሬቱ ከፍ ብሎ ነው ወይስ ዝቅ ብሎ?» አለኝ።

አየሁት። ከእርሻው በታች በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ነበር የሚፈሰው።

«እሱ ቦይ አይደለም፣ ማፋሰሻ ነው። ከአገዳው የተረፈውን ውሃ ነው የሚያወጣው፤ ሽቅብ ብትሄጂ እርሻ ውስጥ ነው የሚያልቅብሽ። ከፍ ብሎ የሚሄደውን ፈልጊ፤ ስታገኚው ውሃው ከሚመጣበት አቅጣጫ ንጂ።»

አገኘሁት። ቀጭኑ ቦይ ወደ ሰፋ ያለ ቦይ አወጣኝ፤ ሰፊው ዋናው ጋ አደረሰኝ፤ ጋሼ የውሃ በሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚያ ሜዳ ላይ ካርታ ለማየት ስልኬን አላወጣሁም። ከፍ ያለው ውሃ ወደ እርሻው ይወርዳል፣ ምንጩን ብትከተሉት ወደ ትልቁ ይወስዳችኋል፤ ዝቅ ያለው ከእርሻው ይወጣል፣ አካሄዱን ብትከተሉት ወደ አዋሽ ይወስዳችኋል። ይህን አንዴ ካወቃችሁ ሜዳው በሙሉ ይነበባል።

ውሃውን መከተል ነው እንጂ መንካት አይደለም። ይህን ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ሙቀቱ ሲበረታ እግርን ቦዩ ውስጥ መንከር ያምራል። የወንጂ ቦዮች በቢልሃርዝያ ከድሮ ጀምሮ የሚታወቁ ናቸው። ትሉ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ውሃው ውስጥ ይለቀቃል፤ ቆዳን በስቶ ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል፤ ቁስል አያስፈልገውም። የጉድጓዱ ውሃ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ልጅ ሆነው ለዓመታት የጠጡት ሰዎች ጥርሳቸው ይበልዛል፣ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። የጋሼ እኩዮች ሲስቁ ይህን ታያላችሁ። እርግጥ አንድ ቀን መጠጣት ጥርስ አያበልዝም፤ ግን ላብ በላብ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ለሚጠጣ ሰው ከቤት የያዙት ውሃ ይሻላል።

የጎማው ነገር አጭር ነው፦ ከአገዳው ወጥተን የግራር ዛፍ ጥላ ስር አረፍን፣ ሳይክሌንም እዚያው አስተኛሁት። ስነሳ የፊቱ ጎማ ሞቷል። የግራር እሾህ የቀጭኑን ጎማ ቆዳ እንደ መርፌ ነው የሚያልፈው። ጎሚስታ በሌለበት ቦታ ራሴ ነቅዬ ቀየርኩት። ያላስተዋልኩት ግን ከመነዳሪውን ስቀይር እሾሁን ኮፐርቶኑ ውስጥ መተዌን ነው፤ አዲሱም ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ተበሳ። ጣትን ቀስ አድርጎ ውስጡን ዙሪያውን መዳሰስ፣ እሾሁን ከውስጥ ሳያገኙ ጎማ አለመግጠም። ጥላ ስትፈልጉም ሳይክሉን መንገዱ ላይ ትታችሁ እናንተ ብቻ ግቡ።

ከሰዓት በፊት አዋሽ ዳር ወጣን። ወንዙ እዚያ ቡናማና ዝግ ያለ ነው። ጋሼ ሳር ላይ የተጋደመ ሰፊ ዱካ አሳይቶኝ ሳይክሉን አዞረ። ጉማሬ ሌሊት ከውሃ ወጥቶ ይግጣል፣ ጎህ ሲቀድ በለመደው መንገድ ይመለሳል። በዚያ ዱካ ላይ፣ በእሱና በውሃው መካከል መገኘት ነው የሚገድለው። «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊትና ከአሥራ አንድ በኋላ ወንዝ ዳር አልሄድም» አለኝ፤ አርባ ዓመት የኖረበትን ቦታ በሰዓት ከፋፍሎ ነው የሚያውቀው። እኔ ንጋትን ለማየት ብዬ በጨለማ እዚያ ልደርስ ነበር ያቀድኩት።

ከወንጂ ወደ ቆቃ አቅጣጫ ያለው የአፈር መንገድ ከቦዮቹ ይለያል፤ ወጣ ገባ አለው፣ ጤፍ እርሻና መንደር ያቋርጣል፣ ልጆች እየሮጡ ይከተላሉ። ጤፉ ሊበስል ሲል ነበር የሄድነው። አንድ ጉብታ ላይ ስንወጣ ሐይቁ ተዘረጋ። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. አዋሽን ሲይዘው የተፈጠረ ውሃ ነው፤ ወንጂን የሚያጠጣውም፣ መብራት የሚሰጠውም እሱ ነው። ከማዶ፣ በምዕራብ በኩል፣ ዝቋላ ለብቻው ቆሟል፤ አናቱ ላይ ሌላ ሐይቅና ገዳም ይዟል። ጋሼ ባርኔጣውን አውልቆ አማተበ። በሥራ ዘመኑ ሁሉ በቦይ ያከፋፈለው ውሃ የሚጠራቀምበትን ቦታ ከዚህ ጉብታ ላይ ሆኖ አይቶት እንደማያውቅ የነገረኝ ያኔ ነው። በሶአችንን እዚያ ጠጣን፤ ቶሎ እንሂድ ያለ አልነበረም።

በማግሥቱ ብቻዬን ወደ አዳማ ተመለስኩ። ከተማዋ ከወንጂ ሜዳ ከፍ ትላለችና መመለሻው ዳገት ነው፣ ያን ቀን ደግሞ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ። የፈጀብኝ ጊዜ ስመጣ ከፈጀብኝ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አስፋልቱ ዳር ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ ከከተማዋ በላይ ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች አየኋቸው። ተርባይን ፊቱን የሚያዞረው ነፋሱ ወደሚመጣበት ነው፤ በየቀኑ እያየኋቸው ይህን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። አሁን ሳይክሌን ከማውረዴ በፊት መጀመሪያ በረንዳዬ ላይ ቆሜ ወደ ኮረብታው እመለከታለሁ። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞረው ካየሁ ለመመለሻው አንድ ሰዓት እጨምራለሁ፣ አንድ ሊትር ውሃም።