ከደሴ ግሸን በእግር፦ መንገዱን እንዴት እንደ መረጥሁ

ከደሴ ተነሥቶ በእግሩ ሊሳለም የተሳለ ሰው ሁለት መንገድ ያማርጣል። አንደኛው ለገና ላሊበላ መግባት ነው፤ በወልድያና በጋሸና በኩል አውራ ጎዳናውን ይዞ ለሄደ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለተኛው፣ የመስቀል ቅርጽ ባለውና «መስቀሌን በመስቀል ላይ አኑር» በተባለለት አምባ ላይ፣ መስከረም 21 በሚነግሠው የግሸን ማርያም በዓል መገኘት ነው። እኔ አስቀድሜ የቆረጥሁት ለላሊበላ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ከስለቱ ይልቅ አቅሜን የመፈተን ጉጉት ይዞኝ ነበር። ነገር ግን አብሮኝ የሚነሣ ሰው አጣሁ፤ የሰፈራችን ጽዋ ማኅበርተኞች ደግሞ በየዓመቱ ግሸን ይወጣሉና ከእነርሱ ጋር ተቀላቀልሁ።

በኩታበር በኩል መሄድ ያሳጥር ነበር። ማኅበርተኞቹ ግን በሐይቅ መዞርን መረጡ፤ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበትን እስጢፋኖስን ወንዶቹ እንዲሳለሙ፣ ወደ ገዳሙ የማይገቡት ሴቶች ደግሞ ዘመድ ቤት እንዲያርፉ ነው።

ለጉዞው የተዘጋጀሁት ሁለት ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ተነሥቼ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ በመውጣት ነበር። ስሕተቴም ይኸው ነው፤ መውጣትን እንጂ መውረድን አልተለማመድሁም። ደመራ አብርተን በማግስቱ ስንነሣ፣ ከደሴ እስከ ሐይቅ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ያህል አብዛኛው ቁልቁለት ሆኖ ተገኘ፤ በውድ የገዛሁት አዲስ ጫማ ጣቶቼን ወደ ፊት እየገፋ ከመምሸቱ በፊት ሁለቱም እግሮቼ ውሃ ቋጠሩ። ኮንጎ ጫማ ያደረጉ አንዲት እናት መርፌ በእሳት አግለው፣ ክር አሳልፈው ውሃውን አፈሰሱልኝና «አብሽር ልጄ፣ ነገ አንተ ከፊት ትሄዳለህ» አሉኝ። በማግስቱ ነገሩ ገባኝ፤ ደካማው ከኋላ ከሆነ ብቻውን ይቀራል፣ ከፊት ከሆነ ግን ሌላው በእርሱ እርምጃ ይሄዳል። ያፈርሁት ማፈር ግን እስከ ውጫሌ አልለቀቀኝም፤ እዚያ ገበያ እኔም ኮንጎ ገዛሁ።

አስፋልቱን ከተለየን በኋላ የመሸብን አንድ የሙስሊም ቤተሰብ ደጅ ነበር። ዕለቱ ረቡዕ መሆኑን እኛ ሳንናገር የቤቱ እመቤት አስታውሰው ሽሮ ሠሩልን፤ ቡናውም እስከ ሦስተኛው ተጠጣ። ብቻዬን ላሊበላን መርጬ ቢሆን ኖሮ፣ ስንቄን በልቼ ቀደም ብዬ የምተኛበት ሰዓት ነበር።

በ20ው ማታ የግሸንን አቀበት የወጣሁት ውዱን ጫማ በማሰሪያው አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው። ለዘንድሮው ጉዞ በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጅቻለሁ፤ ጫማውን ለወንድሜ ሰጥቼዋለሁ።