እናቴ ከጎረቤት የደበቀችው ሥራ

ለማስተርስ ትምህርት ወደ አሜሪካ ስሄድ ከሐዋሳ ይዤ የወጣሁት የአካውንቲንግ ዲግሪ ነበር። ያደግሁት ሐይቅ ዳር ነው። ከግብርና ጋር የነበረኝ ዝምድና በግቢያችን አቮካዶ ጥላ ሥር ቡና ከመጠጣት አያልፍም። በመጀመሪያው መንፈቅ ያገኘሁት ሥራ በዩኒቨርሲቲው እርሻ ላይ አረም መንቀልና ሰላጣ ማጠብ መሆኑን በስልክ ስነግራት እናቴ ለጥቂት ጊዜ ድምፅዋን አጠፋች። ቀጥላም «ልጄ፣ ይህን ለማንም እንዳታወሪ» አለችኝ። ለጎረቤት የተነገረው «ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ቢሮ ነው የምትሠራው» ተብሎ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናልና በሳምንቱ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ስለ ቢሮዬ ይጠይቁኝ ጀመር።

ነገሩን ለማስረዳት ከቪዛው መነሣት ይሻላል። በ«ኤፍ ዋን» የተማሪ ቪዛ የገባ ሰው እንደ ልቡ ከግቢ ውጭ መቀጠር አይችልም። ግቢ ውስጥም ቢሆን ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት ክልክል ነው። ለደመወዝና ለግብር የሚያስፈልገውን የመንግሥት መለያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ለማውጣት ደግሞ መጀመሪያ ቀጣሪ ተገኝቶ ደብዳቤ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ከየአገሩ የመጣው ተማሪ ሁሉ በጥቂት ቦታዎች ላይ ይሻማል፤ መመገቢያ አዳራሹ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የማደሪያው እንግዳ መቀበያ። እኔ ስደርስ እነዚህ ሞልተዋል። እርሻው ብቻ ሰው ይፈልግ ነበር፤ ምክንያቱም ማልዶ መነሣትና ጭቃ አለበት።

ዩኒቨርሲቲ እርሻ ምን ያደርግለታል ለሚል ሰው ታሪኩ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 አብርሃም ሊንከን በፈረሙት ሕግ መሠረት ክፍለ ግዛቶች ግብርናና መካኒክነት የሚያስተምሩ ኮሌጆችን እንዲያቋቁሙ ከፌዴራል መንግሥት መሬት ተሰጣቸው። ከብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጀርባ እርሻ የማይጠፋው ለዚህ ነው። የእኛው ሐሮማያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲመሠረት እጁን የያዘው የኦክላሆማ ተቋምም የዚሁ ሕግ ልጅ ነው።

የእኛ እርሻ ግን ለምርምር የተከለለ አልነበረም። የተማሪዎች የአትክልት ማሳ ነው፤ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ብዙ ሰላጣ። ሰላጣ የሚቆረጠው ጤዛው ሳይተን፣ ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ከረፈደ ቅጠሉ ይጠወልጋል። የተቆረጠው በትልልቅ ገንዳ ውስጥ በሁለት ውሃ ይታጠብና ውሃውን እንዲያራግፍ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ይገባል። የምሬን ነው። ሳሙናና ውሃ አይነካውም፤ ማሽኑ እንዲያሽከረክር ብቻ የተስተካከለ ነው። ሰላጣውን በመረብ ከረጢት አድርገን እንከተዋለን፤ እየጮኸና እየተንቀጠቀጠ ደረቅ አድርጎ ያወጣዋል። መጀመሪያ ሳየው የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር።

የቲማቲም ቀን ሌላ ነው። ጎን ጎኑን የሚያቆጠቁጠውን ቅርንጫፍ ስንቀነጥስ ስንውል ቅጠሉ እጅ ላይ ወደ ጥቁር የሚያደላ አረንጓዴ እድፍ ይተዋል። በሳሙና ሲታጠቡት ውሃው ቢጫ ይሆናል፤ ከጥፍር ሥር ግን በቀላሉ አይለቅም። ማታ የታክስ ሕግ ክፍል ገብቼ እጄን ጠረጴዛ ሥር የደበቅሁባቸው ቀናት አሉ። የእናቴ ልጅ መሆኔ መቼ ይቀራል!

የሒሳብ ሰው መሆኔ የጠቀመኝ በሽያጩ በኩል ነው። ምርቱ የሚሸጠው በአባልነት ነው። የከተማው ነዋሪ ገና በረዶው ሳይለቅ የወቅቱን ሙሉ ክፍያ ይከፍላል፤ ከዚያ በየሳምንቱ የደረሰውን አትክልት በሣጥን ይወስዳል። ቲማቲሙን በሽታ ከመታው ሣጥኑ ውስጥ ቲማቲም የለም፤ ገንዘብም አይመለስም። ጎመኑ ከተትረፈረፈ ጎመን ይበዛበታል። ገበሬው ለዘርና ለደመወዝ የሚሆነውን ገንዘብ ያለ ወለድ አስቀድሞ አገኘ ማለት ነው። በኋላ የአባላቱን መዝገብ እኔ ያዝኩ፤ እናቴም «ቢሮ ብዬ አልነበር!» ብላ ደስ አላት።

ሥራውን ግን ማሞካሸት አልፈልግም። የግቢ እርሻ የምቹ ሰዎች እርሻ ነው። ዝናብ ሲመጣ መጠለያ አለ፣ ፈተና ሲደርስ ፈቃድ አለ። የአሜሪካን አትክልትና ፍራፍሬ በእጁ የሚለቅመው ሕዝብ በአብዛኛው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ሠራተኛ ነው፤ እርሱ በጠራራ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ይውላል። እኛ ያየነው የዚያን ጫፉን ብቻ ነው። አብረውኝ ከነበሩት ተማሪዎች አንዳንዶቹ መሬት እንወዳለን ብለው መጥተው ሙቀቱ ሲበረታ ጠፍተዋል። እኔ የቆየሁት ከፍቅር አይደለም፤ የቤት ኪራይ ነበረብኝ።

ለእረፍት ሐዋሳ ስመጣ እናቴ እንግዶች ፊት ርእሱን ትቀይርብኝ ነበር። እኔም ይርጋለም ወደምትኖረው አክስቴ ሄድኩ። እሷ እንሰት ተክላ፣ ፍቃ፣ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ቀብራ የምትኖር ሴት ናት። ሥራዬን ስነግራት አልደነገጠችም፣ አላደነቀችምም። «ከብት አላችሁ?» አለችኝ።

«የለንም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ፍጉን ከየት ታመጣላችሁ?»

ይህንን ጥያቄ ከዚያ በፊት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ከተማሪዎች መመገቢያ የሚወጣው የምግብ ትራፊ ከደረቅ ቅጠልና ከእንጨት ፍቅፋቂ ጋር ተደባልቆ እንደሚከመር፣ ረጅም ቴርሞሜትር እንደምንሰካበት ነገርኳት። በኦርጋኒክ እርሻ ደንብ እንዲህ ያለው ክምር ቢያንስ ለ15 ቀናት ከ55 ዲግሪ በላይ መቆየትና አምስት ጊዜ መገላበጥ አለበት፤ የአረሙ ዘርና በሽታው የሚሞተው ያኔ ነው። ዙሪያው በረዶ ሆኖ ክምሩ እንደሚጨስ ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። ፍግ ሲብላላ ሙቀት እንዳለው ታውቃለች፤ የገረማት የቴርሞሜትሩ ነገር ነው። «እጅ የላቸውም?» አለች።

ነጭ ሽንኩርቱ ላይ ግን አልተግባባንም። እዚያ የሚተከለው በመከር ወቅት፣ ብርዱ ከመግባቱ በፊት ነው። ፍሬ ፍሬው ተነጣጥሎ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይቀበራል፣ ከላዩ ወፍራም ገለባ ይለብሳል፣ ክረምቱን በረዶ ሥር አሳልፎ በበጋ ይነቀላል። ያ ቅዝቃዜ ካልነካው ራሱ ፍሬ ፍሬ ሆኖ በደንብ አይከፈልም። አክስቴ በረዶ የምታውቀው የቡና አበባ ሲያራግፍ ነው። «ይበሰብሳል እንጂ አያድግም» ብላ ፈረደች። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አሳየኋት፤ «ይህ የሌላ ቦታ ይሆናል» አለችኝ።

ቤቱ ውስጥ የነበረው ልጅዋ በዚህ ዓመት ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ደብዳቤ ደርሶታል። ሲያዳምጥ ቆይቶ ማታ ለብቻዬ አግኝቶ ጠየቀኝ፤ እርሻ ላይ መሥራቱን ሐዋሳ ላሉት ጓደኞቹ ይናገር እንደሆነ። ለዚያ መልስ አልሰጠሁትም፣ የራሱ ጉዳይ ነው። የነገርኩት ሌላ ነው፦ ማመልከቻውን ትምህርት ሳይጀመር እንዲልክ፣ የክፍል ሰዓቱን ከሰዓት በኋላ እንዲያደርግ፣ 20 ሰዓቷን በአንድ ሰዓትም ቢሆን እንዳያልፍ። ቦት ጫማ ደግሞ ከዚህ ተሸክሞ እንዳይሄድ፤ የሻንጣው ኪሎ ለበርበሬና ለሽሮ ይበቃዋል።