ሦስተኛው ፀደዬ ከክሬኖች ጋር፦ ነፋሱን ከጀርባ ማድረግ

ክሬን የምትባለውን ወፍ ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ዘንድሮ ሦስተኛ ፀደዬ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 4,000 ፎቶ አንስቼ የወደድኳቸው ሁለት ብቻ ነበሩ። ዘንድሮ ያነሳሁት የዚያን ግማሽ አይሞላም፤ ግን ደስ ብሎኝ ለሰው የማሳያቸው ከደርዘን በላይ አሉኝ። ሌንሱ ያው የድሮው 500 ሚሊ ሜትር ነው። የተለወጠው የምቀመጥበት ቦታ ነው።

ለማያውቃት፣ ክሬን ግራጫ፣ ረጅም እግርና ረጅም አንገት ያላት ወፍ ናት። ቆማ ከ1 ሜትር እስከ 1.3 ሜትር ትደርሳለች፣ ክንፏን ስትዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ነው። (ስሙን ዕቃ ማንሻው ማሽን ነው ከእሷ የወሰደው።) ከሩቅ ከግራጫው ሄሮን ጋር ትመሳሰላለች፤ ሄሮን ግን ሲበር አንገቱን አጥፎ ትከሻው ላይ ያስገባል፣ ክሬን እንደ ጦር ዘርግታ ነው የምትሄደው። ይህን ካወቃችሁ ሰማይ ላይ አትሳሳቱም።

የምጀምረው ሁልጊዜ ደቡብ ስዊድን ካለው ሆርንቦርያ ሐይቅ ነው። ወደ ሰሜን ጫካዎች ከመበተናቸው በፊት እዚያ ያርፋሉ። በመጋቢት ማብቂያ በአንድ ቀን ከ20,000 በላይ የተቆጠረበት ጊዜ አለ። ድሮ አካባቢው ላይ ለአረቄ የሚሆን ድንች ይመረት ነበርና የሚመጡት ለቃርሚያ ነበር። ድንቹ ሲቀር ገብስ ይበተንላቸው ጀመር፤ የገበሬውን ማሳ እንዳያበላሹም ይረዳል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላየሁም፣ ምክንያቱም ወፉን ፍለጋ ስለማትደክሙ ሙሉ ሐሳባችሁን ጠባዩን ማየት ላይ ማዋል ትችላላችሁ።

እኔ ያኔ የማስበው ስለ ብርሃን ብቻ ነበር። ፀሐይን ከጀርባዬ አድርጌ እቆማለሁ፣ ወፎቹ ይነሳሉ፣ እኔ ጅራት ብቻ ይዤ እቀራለሁ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው የነቃሁት። እንዲህ ያለ ከባድ ወፍ ሲነሳም ሲያርፍም ፊቱን ወደ ነፋስ ያዞራል። ስለዚህ ነፋሱ ከጀርባዬ ከመጣ ወፎቹ ወደ እኔ ነው የሚመጡት። ጠዋት ላይ የምሥራቅ ነፋስ ካለማ ብርሃኑም ነፋሱም ከጀርባ ነው፣ እንዲህ ያለ ቀን ሲገኝ እንቅልፍ አያስፈልግም። አሁን ማታ ከመተኛቴ በፊት ከዝናቡ ይልቅ የማየው የነፋሱን አቅጣጫ ነው።

ሌላው አንገታቸው ነው። ሊነሱ ሲሉ አንገታቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ሰውነታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። አንዷ ስትጀምር አጠገቧ ያሉት ይከተሏታል፣ ከዚያ ጥቂት እርምጃ ሮጥ ብለው ብድግ ነው። ያችን አቋም ሳይ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው፤ የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት 1/2000 ሰከንድ፣ ኦቶፎከሱ (ምስሉን በራሱ የሚያጠራው) ተከታታይ ላይ።

ጫካው ግን ሌላ ዓለም ነው። ጥድ መሃል ባለ ረግረግ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚኖሩት፣ እና ከማየታችሁ በፊት ትሰሟቸዋላችሁ። የመተንፈሻ ቱቧቸው ደረት አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ እንደ ጥሩምባ ስለሚጠማዘዝ ድምፃቸው ኪሎ ሜትሮች ያቋርጣል። መጀመሪያ ዓመት ድምፁን ተከትዬ በእግሬ ገባሁ። ሴቷ ከጎጆዋ ተነሳች፣ ሁለት እንቁላል ታየኝ፣ ከላይ ቁራዎች ይዞሩ ነበር። ወዲያው ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ እሷ ተመልሳ እስክትተኛ ድረስ ግን የቆየሁበት ጊዜ ዛሬም ይከብደኛል። አንድ ወር ገደማ የሚታቀፉትን እንቁላል በአንድ ፎቶ ምክንያት ማስበላት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ጎጆ አላነሳም፣ ጎጆ ያየሁበትንም ቦታ ለማንም አልናገርም።

አሁን የመሬቱን ባለቤት አስፈቅጄ፣ ከጎጆ ርቆ የሚመገቡበት ረግረግ ዳር፣ ገና ሳይነጋ መደበቂያ ድንኳን ውስጥ እገባለሁ። የምወጣው እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው። ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ በዚህ ትዕግሥት ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዷ ጎንበስ ብላ በምንቃሯ ጥቁር ጭቃ አነሳች፣ አንገቷን አዙራ ጀርባዋ ላይ ለጠፈችው፣ ከዚያ ላባውን አንድ በአንድ እያሸች አዳረሰችው። ደግማ አነሳች። ግራጫው ጀርባዋ ቀስ በቀስ ወደ ዝገት ቀለም ሄደ፣ ጭቃው ብረት ስላለው ነው። በመራቢያ ወቅት ከረግረጉ ጋር ተመሳስለው እንዲደበቁ ይረዳቸዋል ይባላል። ከ40 ደቂቃ በላይ ሳልነቃነቅ አየኋት። ካነሳኋቸው ሁሉ የምወደው ፎቶ ይኸው ነው፣ ምንቃሯ ጫፍ ላይ ጭቃው ሲንጠባጠብ።

ስለ ካሜራው ባጭሩ። በብርዱ ባትሪ ቶሎ ስለሚደክም ትርፉን ደረት ኪሴ ውስጥ ነው የምይዘው። ወደ ሙቅ ቤት ከመግባቴ በፊት ካሜራውን ፌስታል ውስጥ አሽጋለሁ፣ አለበለዚያ ሌንሱ ላብ ያወጣል። ፀሐይ ከፍ ስትል ከረግረጉ ላይ ሙቀት ተነስቶ ምስሉን ያወዛውዘዋል፤ ያኔ የቱንም ያህል ውድ ሌንስ ቢኖራችሁ አያድናችሁም፣ ሰብስቦ ሻይ መጠጣት ነው። ጥቁር ጥድ ከኋላ ካለ ደግሞ ካሜራው ስለሚሳሳት ብርሃኑን በእጅ ቀነስ አድርጉ። ስዋን ለሚባለው ነጭ የውሃ ወፍ ይህ በጣም ያስፈልጋል፣ ላባው ነጥቶ ዝርዝሩ ይጠፋል።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው፣ እነዚህ ጣና ዳር የሚከርሙት ናቸው ወይ የሚል ነው። የስዊድኖቹ በብዛት በጀርመንና በፈረንሳይ አድርገው ወደ ስፔን ነው የሚወርዱት። ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡት ከዚህ በስተምሥራቅ የሚራቡት ናቸው፤ ፊንላንድና ኢስቶኒያ ውስጥ መከታተያ ከተደረገላቸው መካከል ኢትዮጵያ ድረስ የደረሱ አሉ። ስለዚህ የሚቀጥለው ዕቅዴ ሁለቱንም ጫፍ ማየት ነው፣ ግንቦት ላይ ኢስቶኒያ፣ ጥር ላይ ጣና።

ጣና ዳር ክሬን ያነሳችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፦ ማታ ለማደር ሲመጡ ነፋሱ ከየት በኩል ነው የሚነፍሰው?