ጠጠሩ እስኪበተን

«ቆይ፣ ይቺን ሳታንጠለጥል አትወጣም» አለችኝ እህቴ። በሩ ላይ ቆሜ ጫማዬን እያሰርኩ ነው። የፊንላንድ ዋና ከተማ ሄልሲንኪ ከገባሁ ገና አንድ ሌሊት አድሬያለሁ። በእጇ የያዘችው ከብስኩት የማትበልጥ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ናት፤ አንጸባራቂ። በመርፌ ቁልፍ ከጃኬቴ ኪስ ጋር አያያዘችልኝና ጉልበቴ አካባቢ እንድትወዛወዝ ክሩን አስረዘመችው። «የመኪና መብራት ቀድሞ የሚያርፈው ታች ነው» አለች።

ወሩ ጥር ነበር። በአማርኛ ክረምት ስንል ዝናብና ጭቃ ነው የሚመጣልን። የዚህ አገር ክረምት ግን ከሁሉ በፊት ጨለማ ነው። ለብርዱ ይለበስለታል። ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት አለፍ ብሎ ነው፤ 10 ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ትገባለች። ሰው ወደ ሥራ ሲሄድም ሲመለስም ጨለማ ነው። የሚበዛው ሰው የሚለብሰው ደግሞ ጥቁር ካፖርት ነው።

የአንጸባራቂዋ ነገር በደንብ የገባኝ የዚያኑ ዕለት ማታ ነው። የእህቴ ባል ከከተማ ወጣ ወዳለ ሰፈር በመኪና ይዞን ሲሄድ ከፊታችን አንዲት ነጭ ነጥብ ታየችኝ። ከፍ ዝቅ ትላለች። ሰው አይታይም፣ ነጥቧ ብቻ። ቆየት ብሎ እግር መጣ፣ ከዚያ ካፖርት፣ ከዚያ ውሻ የያዘ ሽማግሌ። የእህቴ ባል ገና ከሩቅ ፍጥነቱን ቀንሶ ነበር። ትንሽ እንደሄድን ሌላ ሰው አለፍን። እሱ ምንም አላንጠለጠለም። ያየነው አጠገቡ ስንደርስ ነው። መኪናው ውስጥ ማንም አልተናገረም፤ እኔ ግን ልቤ ድው ድው ይል ነበር።

በአጭር መብራት የሚነዳ ሹፌር ጥቁር የለበሰ እግረኛን የሚያየው 50 ሜትር ያህል ሲቀረው ነው ይባላል። አንጸባራቂ ካለው ግን ከ150 ሜትር ገደማ ጀምሮ ይታያል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና 50 ሜትር ማለት ሁለት ሰከንድ ትንሽ አለፍ ያለ ጊዜ ነው። የፊንላንድ የትራፊክ ሕግም እግረኛ በጨለማ አንጸባራቂ እንዲይዝ ይላል። ይቺ ተንጠልጣይ ፕላስቲክ ራሷ የዚሁ አገር ሥራ ናት። አርቪ ሌህቲ የተባለ ሰው መጀመሪያ የሠራት ለጋሪ ነበር። ሰው ላይ መንጠልጠል የጀመረችው በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደቅኩ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ብርዱ ከዜሮ በታች 12 ነበር፤ እግሬም ደህና ይረግጥ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ስልኬን ሳየው ዜሮ ይላል። «ዛሬስ ሞቅ አለ» ብዬ ደስ እያለኝ ወጣሁ። ከደጅ አሥር እርምጃ አልሄድኩም፤ ሁለቱም እግሮቼ ባንዴ ከሥሬ ተነሡ። በእጄ ተመርኩዤ ስወድቅ የእጄ አንጓ ክፉኛ አመመኝ። ትንፋሼ ተቆርጦ እዚያው ቀረሁ። አንዲት አሮጊት በትራቸውን ወደ ጎን አድርገው እጃቸውን ዘረጉልኝ። የሚናገሩት በፊንላንድኛ ነው፣ አንድም ቃል አልገባኝም። እንደተነሣሁ ግን ጫማቸውን በዓይኔ እንዳይ አደረጉኝ። ከጫማቸው ሥር ሚስማር ያለው ማሰሪያ አለ። ከዚያ ቀስ ብለው አራመዱኝ፦ ጉልበት ትንሽ እጥፍ፣ እርምጃ አጭር፣ ክብደት ወደ ፊተኛው እግር፣ እጅ ከኪስ ውጪ። ልክ ሕፃን እንደሚያስተምሩ። እንዲህ ያለ ደግነት ከአእምሮዬ አይጠፋም።

ማታ ለእህቴ ስነግራት አልገረማትም። በጣም የሚያንሸራትተው ቀን በጣም የሚበርደው ቀን አይደለም። ብርዱ ሲጠና በረዶው ደረቅና ጠንካራ ስለሚሆን ጫማ ይይዛል። ዜሮ አካባቢ ሲደርስ ግን ላዩ ላይ ስስ ውኃ ይተኛበታል። በበረዶ ላይ ውኃ ማለት በመስታወት ላይ ዘይት እንደማለት ነው። ቀን ቀልጦ ሌሊት የሚረጋው ደግሞ የባሰ ነው፤ አስፋልት መስሎ ይጠብቅሃል።

ለዚህ ነው ሌሊት ማሽን የሚመጣው። በጨው ብቻ አይሆንም፤ ብርዱ ሲጠና ጨው አቅም ያንሰዋል። ስለዚህ በእግረኛው መንገድ ላይ ደቃቅ ጠጠር ይበተናል። ከዚያ ቀን በኋላ ገና አልጋዬ ላይ ሆኜ የጠጠሩን ድምፅ እሰማለሁ። ሰው ሁሉ ሳይነሣ የሚነሡ ሰዎች እንዳሉ ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። በየቀኑ ቤት ስገባ ከጫማዬ ሥር ጠጠር በቁልፍ እየፈለቀቅኩ አወጣለሁ። ጫፏ ሹል ነው፣ የተፈጨ ድንጋይ። በረዶው ውስጥ ጥርሷን የምትተክለው በዚያ ሹል ጫፏ ነው።

አንድ ነገር ግን አናደደኝ። የበረዶ መጥረጊያው የመኪናውን መንገድ ሲያጸዳ በረዶውን ወደ ዳር ይገፋዋል። ዳር ማለት ደግሞ እግረኛ የሚሻገርበት ዜብራ አፉ ላይ ነው። አንዲት እናት የልጅ ጋሪዋን በዚያ ክምር ላይ ለማሳለፍ ስትታገል አየሁ፤ ሁለት ሆነን አንሥተን አሳለፍንላት። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰውስ? መኪና ባለ አራት ጎማ ነው፣ ትንሽ በረዶ ቢቀርለት አይወድቅም። ቀድሞ መጠረግ ያለበት የእግረኛው ነበር።

በመንገድ ላይ የሚሄደውን የከተማ ባቡር፣ ትራሙን፣ ወደድኩት። የምድር ውስጥ ባቡር፣ ሜትሮም፣ አለ፣ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል፤ ለእኔ ግን ትራም ይሻለኛል፤ ከተማውን እያየሁ እሄዳለሁ። በኤሌክትሪክ መሄድ ከጀመረ ከ1900 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ብረት በብረት ላይ ሲሄድ በበረዶ ቀን እንዴት እንደሚቆም ግራ ገብቶኝ ነበር። ለካ ከጎማው ፊት ሐዲዱ ላይ አሸዋ ያፈስሳል! እግረኛውም ትራሙም የሚድኑት በአንድ ዘዴ ነው። ከፌርማታው ስትወርድ ደግሞ ቀና ማለት አለብህ። ከጣሪያ ላይ በረዶ ሲያወርዱ ከታች ገመድ ይዘረጋሉ፤ በገመዱ ሥር ማንም አያልፍም። እኔም አላለፍኩም።

የእህቴ ልጅ 8 ዓመቷ ነው። ጠዋት በጨለማ ብቻዋን ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ቦርሳዋ ላይ ሦስት አንጸባራቂ አለ። መጀመሪያ ቀን በመስኮት እስክትሰወር አየኋት፣ አልቻልኩም። «አትፍራ፣ እዚህ ሰፈር መኪና በ30 ነው የሚሄደው» አለችኝ እናቷ። ሄልሲንኪ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መንገድ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በከተማው አንድም እግረኛ በመኪና አልሞተም። እስከ ሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. በነበሩት 12 ወራት ደግሞ በትራፊክ አደጋ የሞተ ማንም ሰው አልነበረም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በየዓመቱ ወደ 30 ሰው ይሞት በነበረበት ከተማ። በረዶ ላይ በ50 የሚሄድ መኪና ፍሬን ቢይዝ ለመቆም በ30 ከሚሄደው ሦስት እጥፍ ገደማ ርቀት ይፈልጋል። በዚያ ርቀት መካከል ልጅ ልትኖር ትችላለች። ይህን ሳስብ ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

የመመለሻዬ ቀን ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ዝናቡ በረዶው ላይ ወርዶ ግቢው ሁሉ ያብለጨልጫል። ሻንጣዬን ይዤ በሩን ስከፍት እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ቆይ፣ ገና አልመጡም።» ወደ አየር ማረፊያ የሚሄደው ባቡር እንዳያመልጠኝ ሰዓቴን ደጋግሜ አያለሁ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም። በመስኮት ሆነን ጠበቅን። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ብርቱካናማ መብራት እያሽከረከረ ማሽኑ ከማዕዘኑ ብቅ አለ፤ ከኋላው ጠጠሩን እየዘራ በደጃችን አለፈ። ያኔ ወጣን። እሷ በግራ፣ ሻንጣው በቀኝ። እግራችን ሥር ኮሽ ኮሽ ይላል።