ጎመኔን ጦሙን ያሳደርኩት እኔው ነኝ

የጓሮዬን አፈር ብታዩት ታዝናላችሁ፣ አሸዋ ነው በቃ፣ ጠዋት ውሃ አጠጥታችሁት ከሰዓት ስትመለሱ አቧራ ሆኖ ይጠብቃችኋል። አምና ኮምፖስት (አገዳና ቅጠል አበስብሶ የሚሰራ ብስባሽ) ልስራ ብዬ የበቆሎ አገዳና ጭድ ሰብስቤ ከመርኩ፣ ሁለት ወር እንኳን ሳይሞላው ትዕግስቴ አለቀና መደቡ ውስጥ ቀብሬው ጎመን ተከልኩበት። በሁለተኛው ሳምንት ችግኙ በሙሉ ቢጫ! ውሃ አንሶት ነው ብዬ ጨመርኩለት፣ ባሰበት።

ኋላ ነው የገባኝ። ጭድ ውስጥ ለ1 እጅ ናይትሮጅን (ተክሉን አረንጓዴ አድርጎ የሚያሳድገው ምግብ) ወደ 80 እጅ ካርቦን አለ፣ እሱን የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ደሞ እነሱም ናይትሮጅን ይፈልጋሉ፣ ጭዱ ውስጥ ሲያጡት ካፈሩ ይወስዳሉ፣ ጎመኔ ጦሙን ያድራል።

ጥሩ የሚባለው ከ25 እስከ 30 ካርቦን ለ1 ናይትሮጅን ነው። እኔ ሚዛን ይዤ አልቆምኩም፣ ዘንድሮ አገዳውን ከታትፌ አንዴ ደረቁን፣ አንዴ ናይትሮጅን የሚጨምሩለትን የዶሮ ኩስና ዘር ያልያዘ እርጥብ አረም እያነባበርኩ ደረቴ ድረስ አመጣሁት፣ በጎንም በቁመትም 1 ሜትር ካልሞላ ሙቀት አይዝማ። በአራተኛው ቀን መሃሉ የሰካሁትን ብረት ስነቅለው መያዝ አቃተኝ። 55 ዲግሪን አልፎ ለቀናት ከቆየ አብዛኛው የአረም ዘርና የበሽታ ተህዋስ ይሞታል፣ ዳር ዳሩ ግን ስለማይሞቅ እየገለበጡ ወደ መሃል ማስገባት ግድ ነው (ወገብ ይቆርጣል፣ አልዋሽም)። እርጥበቱን በእጄ ጨምቄ ነው ማየው፣ አንድ ሁለት ጠብታ ካለው ይበቃዋል፣ ውሃው ከፈሰሰ አየር አጥቶ ይገማል።

5 ወር ፈጀ። ጥቁር ሆኖ፣ ፍርፍር ብሎ፣ ዝናብ የነካው አፈር አፈር ሲሸት ነው የወሰድኩት። ደሞ ማዳበሪያ ነው ብላችሁ ብዙ አትጠብቁ፣ ናይትሮጅኑ ቢበዛ 1 ወይ 2 ፐርሰንት ምናምን ነው፣ እሱም ቀስ እያለ ነው ሚለቀቀው። እኔ ለውጡን ያየሁት ውሃው ላይ ነው፣ በየቀኑ ሳጠጣው የነበረ መደብ አሁን ሁለት ቀን ይቆይልኛል።

ጭዱን ከሌላ ሰው ከወሰዳችሁ ግን ምን እንደተረጨበት ጠይቁ፣ አንዳንድ ፀረ አረም በክምሩ ሙቀት አይጠፋም፣ በኋላ የቲማቲምና የባቄላ ቅጠል ያጨማድዳል። እኔ መደቡ ላይ ከመበተኔ በፊት ሁለት ጣሳ ላይ ባቄላ ዘርቼ ነበር፣ አንዱ ኮምፖስት ያለው አንዱ የሌለው። ሶስት ሳምንት ጠበቅኳቸው፣ ሁለቱም ቅጠላቸው ዝርግ ብሎ ወጣ።