«ነገ በ2 እንሄዳለን»

«ነገ በ2 ወደ ዘጌ እንሄዳለን፣ ጀልባ ይዘጋጅ።» ባሕር ዳር ውስጥ በቴሌግራም እንዲህ ያለ መልእክት መላክ የተለመደ ነው። አጭር ነው፤ ግልጽ ግን አይደለም። ከውጭ የመጣ እንግዳ 2 ሲል የእኛን 8 ሰዓት ማለቱ ይሆናል፤ ባለጀልባው ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ወደቡ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጣና ደግሞ ጠዋት ረጋ ብሎ ይውልና ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ይናወጣል። የ6 ሰዓት ልዩነት ጉዞውን ራሱን ይለውጠዋል። «ከጠዋቱ 2፡00፣ በውጭ አቆጣጠር 8፡00» ብሎ መጻፍ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

«ነገ» የሚለውም አያስተማምንም። ማታ ተልኮ ጠዋት ከተነበበ ቀኑ በአንድ ይዘላል። «ሐሙስ ጥቅምት 5» ቢባል ግን ዕለቱና ቀኑ እርስ በርስ ይመሳከራሉ፤ ካልገጠሙ ተቀባዩ ወዲያው ይጠይቃል። የሰው ብዛትም እንዲሁ ነው። «6 ነን» ከማለት «6 ሰው፣ 3ቱ ሴቶች» ማለት ይሻላል፤ ጣና ደሴት ላይ ወዳለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች ስለማይገቡ ባለጀልባው መንገዱን ቀድሞ ያስተካክላል።

ፊደል ላይ ብዙዎች «ከገባኝ በቂ ነው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ዓሣ፣ ዓሳ፣ አሣ፣ አሳ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለስልክ ግን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ የየራሳቸው መለያ ቁጥር አላቸውና። ቀረሶና አምባዛ የተባሉትን ዓሣዎች የሚሸጥ ሰው ማስታወቂያውን በአንዱ ጽፎ ገዢው በሌላው ቢፈልግ ላያገኘው ይችላል። አንዱን መርጦ በዚያው መጽናት፣ ሌላውን አጻጻፍ ደግሞ መጨረሻ ላይ አንዴ ማስገባት ይረዳል። በላቲን ፊደል መጻፍ ከዚህም ይብሳል፤ ጠ እና ተ ስለሚቀላቀሉ «መጣ» የተባለው «መታ» ተብሎ ይነበባል። አራት ነጥብን በሁለት ኮለን መተካትም ጥሩ አይደለም፤ ለስልክ እሱም ሌላ ምልክት ነው።

ዋጋ ሲጻፍ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ሂሳቡ ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለጀልባው በሙሉ? ደርሶ መልስ ነው? ገዳሙ ደጃፍ የሚጠበቅበትን ጊዜ ይጨምራል? የገዳሙ መግቢያስ ለብቻው ይከፈላል? እነዚህ ከመነሳት በፊት በጽሑፍ ካልሰፈሩ፣ ክርክሩ ሲመለሱ ወደቡ ላይ ይጀመራል።